«ኢኖርመስ» ሁሌ ግዙፍ ነው እንዴ?

ጥያቄው የመጣው መንዝ ካለችው መሃል ሜዳ ነው፣ ጠያቂዋ ጓሳ የሚባለው ጥብቅ ስፍራ ላይ እንግዳ የምታስጎበኝ ልጅ ናት። ረዘም ስላለ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፦

«ሰላም ጋሼ፣ ስለ ጓሳ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጽሁፍ ለተማሪዎች ብዬ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ኢኖርመስ የምትል ቃል በየመስመሩ አለች፣ ገደሉም ኢኖርመስ፣ የጭላዳው መንጋም ኢኖርመስ፣ ብርዱም፣ ህዝቡ ለጓሳው ያለው ፍቅርም ኢኖርመስ። ዲክሽነሪው ግዙፍ ስለሚል ሁሉንም ግዙፍ ብዬ ጨረስኩት። ቅኔ የተማረ አጎቴ አነበበውና "ግዙፍ ፍቅር ደሞ ተየት የመጣ ነው?" ብሎ ሳቀብኝ። ምን አጠፋሁ?»

እህቴ፣ አጎትሽ የሳቀው በደንብ ስለገባው ነው። ግዙፍ ከግእዝ የመጣ ቃል ነው፣ ገዝፈ ማለት ወፈረ ደነደነ እንደማለት፣ እና በቤተክርስቲያን ትምህርት ተቃራኒው ትንሽ ሳይሆን ረቂቅ ነው። ሥጋ ግዙፍ ነው ነፍስ ረቂቅ ናት፣ መላእክት ረቂቃን ናቸው፣ በእጅ የሚዳሰስ በዓይን የሚታይ ነገር ሁሉ ጠጠርም ብትሆን በዛ አነጋገር ግዙፍ ናት። ሃሳብ ብቻ የነበረ ነገር አካል ይዞ ሲመጣ «ግዘፍ ነሳ» የምንለውም ከዚሁ ነው። እና አንቺ «ግዙፍ ፍቅር» ስትዪ እሱ ጆሮ ላይ የሚሰማው በጣም ብዙ ፍቅር አይደለም፣ ክንድና ደረት ያለው ፍቅር ነው፣ ሰውዬው ቢስቅ ምን ይፈረድበታል።

ዛሬ በተለመደው አማርኛ ግዙፍ ማለት አካሉ በጣም ትልቅ የሆነ ነው፣ ያ የድሮው «አካል» ግን ከውስጡ አልወጣም። ስለዚህ ገደሉን ግዙፍ ማለትሽ ጥሩ ነው፣ አትንኪው። ሕንፃ፣ ድንጋይ፣ መርከብ፣ ዝሆን ሁሉም ግዙፍ ቢባሉ ያምርባቸዋል። ግዙፍ ኩባንያ ግዙፍ ኢኮኖሚ የሚለውንም በየዜናው ሰምተን ለምደነዋል፣ እኔም አልሰርዘውም፣ ቢያንስ ቢሮና ፋብሪካ ስላለው አካል አለው ብለን እንለፈው። ግዙፍ ተስፋ፣ ግዙፍ ምስጋና፣ ግዙፍ ደስታ የሚለውን ግን እሰርዛለሁ።

የእንግሊዝኛዋ ቃል እንዲህ አይነት ገደብ የለባትም። ኢኖርመስ ከላቲን የመጣች ናት፣ ኖርማ የሚሉት አናጢ ስኳድራ የሚለውን መለኪያ ነበር፣ ኢኖርመስ ማለት እንግዲህ ከስኳድራው የወጣ፣ ከልኩ ያለፈ ማለት ነው። እንግሊዞች መጀመሪያ ሲወስዷት ከደንብ የወጣ፣ ነውረኛ የሚል ትርጉምም ነበራት፣ በጣም ትልቅ በሚለው የጸናችው በኋላ ነው። ከልክ ያለፈ ነገር ደግሞ ድንጋይም ሊሆን ይችላል፣ ብርድም፣ ኀዘንም፣ ለዛ ነው ያለችግር ሁሉም ላይ የምትለጠፈው። የገረመኝ የኛ «ልክ»ም በዛው መንገድ መሄዱ ነው፣ ልኩ ስንት ነው ስንል መለኪያ ነው፣ ልክ ነህ ስንል ትክክል ነህ ነው፣ ልኩን አጣ ስንል ሰውዬው ከደንብ ወጥቷል። «አለልክ» ስንል ደሞ ኢኖርመስ አጠገብ ደርሰናል፣ ልዩነቱ አለልክ በብዛት ከግስ ጋር ነው የሚሄደው፣ አለልክ በላ፣ አለልክ ተናገረ።

እንግዲህ ወደ ጽሁፍሽ። አማርኛ የሚጠይቅሽ «ምን ያህል ትልቅ ነው» ብሎ ብቻ አይደለም፣ «ምኑ ነው የበዛው» ብሎ ነው። መንጋው የበዛው ቁጥሩ ነው፣ ጭላዳዎቹ በመቶ እየሆኑ ተሰብስበው ሣር ሲነጩ የሚታዩትን «ግዙፍ መንጋ» ካልሽ ተማሪው አንድ ትልቅ አውሬ ነው የሚታየው፣ «እጅግ ብዙ ጭላዳ» በይ፣ ወይም እንደ ሰፈር ወሬ «መአት ጭላዳ»። ስህተት ከሆነ ከባድ ነው፣ ጉዳት ከፍተኛ፣ ልዩነት ሰፊ፣ ገንዘብ ደግሞ እንደ ጨዋታው ጠቀም ያለም ረብጣም ይባላል። ብርዱን በቅጽል ባትነኪው እመርጣለሁ። የመንዝን ብርድ የቀመሰ ሰው ኃይለኛ ብርድ ብሎ አይበቃውም፣ አጥንት ድረስ ይዘልቃል ነው የሚለው፣ እንግሊዝኛው በቅጽል ያለውን አማርኛ በግስ ሲለው ብዙ ጊዜ ይጣፍጣል። ፍቅሩም እንደዛው ነው፣ «ጥልቅ ፍቅር» ስህተት የለበትም ግን «ህዝቡ ጓሳውን እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚጠብቀው» ብትዪ በተለይ የጓሳ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሣሩን ቄሮ በሚባል የአካባቢው የጋራ ጥበቃ ስርዓት እየከለለ፣ ማጨጃው እስኪደርስ እየዘጋ የኖረ ስለሆነ ነገሩ ወሬ ብቻ አይሆንም።

አንድ ቦታ ላይ ደግሞ «ግዙፍ ጅብራ» ብለሻል። እሱ ይውጣ። እንግሊዝኛው ጃይንት ሎቤሊያ የሚለው ሎቤሊያ ሲባል እነሱ ዘንድ በግቢ የሚተከል ትንሽ አበባ ስለሆነ ነው፣ ትልቁን ለመለየት ጃይንት ጨመሩበት። እኛ ጋ ጅብራ ራሱ ያው ጅብራ ነው፣ ከሰው ቁመት አልፎ የሚቆም፣ አንዴ አብቦ የሚደርቅ፣ የሚለይበት ትንሽ ጅብራ የለም።

ታላቅን ለምን እንደተውሽው አልገባኝም፣ ምናልባት ዲክሽነሪው ግሬት ጋ ስላስቀመጠው ይሆናል። ትልቅና ትንሽ አንድ ጥንድ ናቸው ለመጠን፣ ታላቅና ታናሽ ሌላ ጥንድ ናቸው ለዕድሜና ለክብር። ታላቅ ወንድምሽ ካንቺ ቢያጥርም ታላቅሽ ነው። የህዳሴውን ግድብ እይው፣ 145 ሜትር ከፍታ፣ 1.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ የሚይዝ ነገር ከዚህ በላይ ግዙፍ ሊሆን አይችልም፣ ስሙ ግን «ታላቁ» ነው፣ ምክንያቱም ስሙ ሲወጣ ሲሚንቶው አልነበረም የታሰበው። በተቃራኒው ታላቋ ብሪታንያ ስንል እንግሊዞቹን ሳናስበው አክብረናቸዋል፣ እነሱ ግሬት ያሉት ፈረንሳይ ካለችው ከትንሿ ብሪታኒ ለመለየት ነበር፣ የመጠን ነገር ነው። አሁን ማን ይመልሰዋል።

አጎትሽም እኔም በአፋችን ግን ግዙፍ ብዙ አንልም። ገበያ ላይ ቆመሽ ስሚ፣ የሰው ኢኖርመስ «የሚያክል» ነው። ቤት የሚያክል ድንጋይ፣ ግንድ የሚያክል እባብ፣ በሬ የሚያክል በግ ይልሻል ሻጩ፣ የመንዝ በግ ደግሞ በትንሽነቱና በጠጉሩ ነው የሚታወቀው፣ ግን ገበያ ነው ምን ይደረግ። ለተማሪ በሚሆን ጽሁፍ ውስጥ ይሄ አነጋገር ቢገባ ነውር የለውም፣ እንዲያውም ልጆቹ ቶሎ የሚይዙት እሱን ነው፣ ብቻ የሚመሳሰልበት ነገር ሰፈራቸው ያለ ይሁን።

ከዚሁ ቤት አንድ የምታሳስት ቃል አለች፣ ኢኖርሚቲ። የኢኖርመስ ስም ትመስላለች፣ ጠንቃቃ ጸሐፊ ግን ለክፉ ነገር ነው የሚያስቀራት፣ ያ የድሮው ነውረኛ የሚለው ትርጉም እሷ ላይ ቀርቷል። ለመጠን የሚጠቀሙባትም አሉ፣ መዝገበ ቃላቱ ሁለቱንም ይዟል፣ ዐረፍተ ነገሩን አይተሽ ወስኚ። ስለ ወንጀል ሲያወራ ካገኘሻት «የወንጀሉ ግዙፍነት» ሳይሆን «የወንጀሉ አስከፊነት» ነው።

መጨረሻ ላይ ብዙ ቁጥሩን ጠይቀሽኛል። ግዙፋን ሕንፃዎች፣ ግዙፍ ሕንፃዎች፣ ሁለቱም ያስኬዳል፣ ግዙፋን የግእዙ ርባታ ስለሆነ ከበድ ይላል። ለልጆች «ግዙፍ ገደሎች» ይበቃል፣ ወይም ዝም ብለሽ «ትልልቅ ገደሎች»።