መንጋው ቀፎውን ጥሎ ለሄደባት እህታችን

እህቴ፣ ታቦር ካለው ግቢሽ ያስቀመጥሽው የሽግግር ቀፎ (በባህላዊውና በዘመናዊው መካከል ያለው) የንብ መንጋ ገብቶበት በሦስተኛው ሳምንት ባዶ እንደሆነ ጽፈሻል። የክዳኑ ቆርቆሮ ርብራቡ (ንቦቹ እንጀራቸውን የሚያንጠለጥሉባቸው፣ ከላይ የሚደረደሩት እንጨቶች) ላይ በቀጥታ እንደተመታ፣ ውስጡ ቫርኒሽ እንደተቀባ፣ በየአራት ቀኑም እየከፈትሽ እንዳየሽው ነግረሽናል። «ዘመናዊ ቀፎ ልግዛ ወይ?» ላልሽው፣ አትግዢ። የአገራችን ንብ ካልተመቸው ለመሰደድ ችኩል ነው፤ ዘመናዊውንም በዚሁ ምክንያት ጥሎት ይሄዳል።

መጀመሪያ ትተውት የሄዱትን የሰም እንጀራ አውጥተሽ እዪ። እጭም ማርም የሌለበት ንጹሕ እንጀራ ከሆነ አስበውበት ነው የሄዱት፤ ንግሥቲቱ እንቁላል መጣል አቁማ፣ ያለውን ማር በልተው ጨርሰው ማለት ነው። ይህ የረሃብ ወይም የተደጋጋሚ ረብሻ ምልክት ነው። እጩንም ማሩንም ትተው ከሄዱ ግን ድንገተኛ ነገር ገጥሟቸዋል፣ በተለይ ጉንዳን። እንጀራው ከርብራቡ ተገንጥሎ ወለሉ ላይ ከተደፋ ሙቀት ነው። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ብታገኚ የሰም ትል ነው፤ እሱ ግን ብዙ ጊዜ የሚበረታው መንጋው ከደከመ ወይም ከሄደ በኋላ ስለሆነ ዋናውን ምክንያት ሌላ ቦታ ፈልጊ።

ከጻፍሽው ስነሳ ሦስት ነገር ይስተካከል። ቆርቆሮውን ከርብራቡ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አንሺው፣ በመሐል አየር ይለፍ፤ ቀፎው ከሰዓት በኋላ ጥላ ያግኝ። የውስጡን ቫርኒሽ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀሽ ሽታው እስኪጠፋ ክፍት አድርጊው። ከዚያ በወይራ አጥኚው፣ ርብራቡን በሰም፣ ግድግዳውን በጠጅ ሳር እሺው። ቀለም ከውጭ ብቻ ነው። ሦስተኛው መክፈቱ ነው፤ አዲስ መንጋ ቢያንስ ለአንድ ወር አይነካም። ማወቅ የምትፈልጊውን ከበሩ ታገኚዋለሽ። ጠዋት ከጎን ቆመሽ የሚገቡትን እግር ተመልከቺ፤ የኋላ እግራቸው ላይ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ የአበባ ዱቄት ተጠቅልሎ ከገባ ውስጥ የሚመገብ እጭ እንዳለ ጥሩ ምልክት ነው። አበባ እያለ ለተከታታይ ቀናት ዱቄት መግባት ካቆመ ያን ጊዜ ክፈቺ።

ርብራቡን በማስመሪያ ለኪው። ስፋቱ 32 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት፣ ለአናጺው «3 ሳንቲ አካባቢ» አይባልም። በእያንዳንዱ 2 ሚሊ ሜትር ቢሳሳት አሥረኛው ላይ ስትደርሺ 2 ሳንቲ ሜትር ይንሸራተታል፤ ንቦቹ በራሳቸው ልክ ስለሚሠሩ አንዱ እንጀራ ሁለት ርብራብ ይይዛል። እሱን ሳትቀድጂ ማንሳት አትችዪም፣ ሲቀደድ ደግሞ ማሩ ይፈስና ጉንዳን ይጠራል። የርብራቡን ታችኛ መሐል መስመር በቀለጠ ሰም ቀቢው፣ ያንን ይዘው ይሠራሉ። ለጀማሪ መንጋ 8 ወይም 10 ርብራብ ይበቃል፤ የቀረውን በሳንቃ ከልዪው፣ ሲሞላ እያፈገፈግሽ ስጪያቸው። ሰፊ ባዶ ቤት መጠበቅ ያቅታቸዋል።

ለጉንዳን ቀፎው የቆመበትን የሞራሌ እግሮች ውኃና የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ አቁሚ። ጣሳው ላይ የወደቀ ቅጠል ወይም ቀፎውን የነካ ሳር ድልድይ ስለሚሆን በየሳምንቱ አጽጂ። ዘይቱ ግን ንቦቹ ውኃ የሚጠጡበት ቦታ አይድረስ፤ ጠጠር ያለበት የውኃ ሳህን ለብቻው አኑሪላቸው፣ አለበለዚያ የጎረቤት ቧንቧ ላይ ይሰፍራሉ።

ልጆች ስላሉሽ በሩን ወደ አጥሩ አዙሪው፤ 2 ሜትር የሚሆን አጥር ከፊታቸው ካለ ከፍ ብለው ይበራሉ። የምትከፍቺው ሲመሽ፣ በኩበት ጢስ፣ ልብስሽን ለብሰሽ ይሁን። በአካባቢው የታሰረ በግ ወይም ውሻ ካለ አስቀድመሽ አርቂው፣ ገመድ ላይ ያለ እንስሳ ማምለጫ የለውም።

ማር ስትቆርጪ ከበሩ የራቀውን፣ አብዛኛው በሰም የተከደነውን ብቻ ውሰጂ። እጭ ያለበትን አትንኪ፣ ለበጋ የሚሆናቸውንም ተዪላቸው። አዲስ እንጀራ ለስላሳ ስለሆነ ርብራቡን ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ አንሺው፤ አግድም ካዘነበልሽው ይሰበራል።

ከክረምቱ በኋላ አበባው ሲፈነዳ መንጋ ይወጣል፤ ቀፎው በነሐሴ መጨረሻ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቅ። ከአሮጌው እንጀራ ትል ያልነካውን አንድ ቁራጭ ብቻ አስቀሪ፣ ሽታው ይስባቸዋል። ሌላውን አቅልጠሽ ሰሙን ለርብራቡ ተጠቀሚበት።