«ፋፍሳ ላይ የአክስቴን ገቢ ላስገባ ወይ?» ላልሽው እህቴ

ስለ ፋፍሳ፣ ማለትም ለኮሌጅ የአሜሪካ መንግሥት የገንዘብ እርዳታ ስለሚሞላው ፎርም፣ የጠየቅሽውን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ወላጆችሽ አዲስ አበባ ናቸው። አንቺ ሜሪላንድ አክስትሽ ጋ ነው ያደግሽው፣ ፍርድ ቤትም ሞግዚትሽ አድርጎ ሾሟቸዋል። 19 ዓመትሽ ነው፣ ግሪን ካርድ አለሽ። የማን ገቢ ይጻፍ ነው ያልሽው።

የራስሽ ብቻ። የአክስትሽም፣ የወላጆችሽም አይገባም።

እኔንም ያሳደገኝ አጎቴ ነው፣ በፍርድ ቤት ሞግዚትነት። ፎርሙ ስለ ግል ሁኔታሽ ሲጠይቅ፣ ከወላጅ ውጭ በሆነ ሰው ሕጋዊ ሞግዚትነት ሥር «ነሽ ወይም ነበርሽ» የሚል ምርጫ ታገኛለሽ። እሱን ምረጪ። 18 ሲሞላሽ ሞግዚትነቱ ቢያበቃም ይቆጠርልሻል። ያኔ ኢንዲፔንደንት፣ ማለትም የወላጅ ገቢ የማይታይብሽ ተማሪ ትሆኛለሽ።

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ለ2025-26 የትምህርት ዘመን ፔል ግራንት የሚባለው የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው፣ የማይመለስ። ብድር ካስፈለገሽም ኢንዲፔንደንት ተማሪ በመጀመሪያ ዓመት እስከ 9,500 ዶላር ከመንግሥት መበደር ይችላል። በወላጅ ገቢ የሚታይ ተማሪ ግን እስከ 5,500 ነው።

ዋናው ነገር የፍርድ ቤቱ ወረቀት ነው። ኮሌጁ ማስረጃ ሊጠይቅሽ ይችላል። እኔን የኮሌጁ ፋይናንሻል ኤይድ (የገንዘብ እርዳታ) ቢሮ ሠራተኛ የአጎቴን ታክስ አምጪ ብላኝ ነበር። ትዕዛዙን አሳየኋት፣ አለቃዋን አነጋገረች፣ በዚያው አለቀ። ስለዚህ ማኅተም ያለበትን ኮፒ ካሁኑ ከፍርድ ቤቱ አውጪ። ዋናውን ግን ለማንም እንዳትሰጪ።

ይሄን የምታነቡ ሌሎች ልጆችም አላችሁ። አክስት ቤት መኖር ብቻውን አይበቃም። ሠርቶ ቤት ኪራይ መክፈልም፣ የራስን ታክስ ማስገባትም አይበቃም። የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ከሌላችሁ፣ ሌላም የሚያበቃ ምክንያት ከሌለ፣ ኢትዮጵያ ያሉ ወላጆቻችሁ ገቢ በዶላር ተሰልቶ ይገባል። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ባይኖራቸውም ፎርሙን ለመሙላት የሚያስፈልገውን የኦንላይን አካውንት መክፈት ይችላሉ። ከወላጅ ጋር መገናኘት የማይቻልበት ከባድ ሁኔታ ያለበት ደግሞ ፎርሙ ላይ ይግለጽ፣ ከዚያ ኮሌጁን ያነጋግር። ውሳኔው የኮሌጁ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። አንዳንድ የግል ኮሌጆች ሲ.ኤስ.ኤስ ፕሮፋይል የሚባል ሌላ ፎርም ያስሞላሉ። እነሱ ከራሳቸው ገንዘብ ሲሰጡ የራሳቸው ሕግ አላቸው፣ የወላጅ መረጃ ሊጠይቁ ይችላሉ። ሳታመለክቺ ደውለሽ ጠይቂ።

ፋፍሳ ብዙ ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል። ቶሎ ሙዪ፣ የአንዳንድ ስቴትና ኮሌጅ ገንዘብ ቀድሞ ለመጣ ነው የሚደርሰው። ፎርሙ ነጻ ነው። «እኔ ልሙላልሽ» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው ሳንቲም እንዳትከፍዪ።