መልስ፦ ባለ ሁለት መቀመጫ ጃይሮፕሌን ምርጫና ኢንሹራንስ

ሰላም ወንድሜ። የሴስና (ባለ ቋሚ ክንፍ ትንሽ አውሮፕላን) የማብረር ፈቃድ እንዳለህና ፍሎሪዳ ውስጥ ባለ ሁለት መቀመጫ ጃይሮፕሌን፣ ማለትም ከላዩ ባለው ሮተር (ነፋስ በሚያሽከረክረው ክንፍ) የሚንሳፈፍና ፕሮፔለር የሚገፋው በራሪ፣ በኪት (በተገጣጣሚ ክፍሎች) ገዝተህ ልትገጣጥም እንዳሰብክ ጽፈሃል።

እኔ ብሆን ከሞተሩ በፊት ጅራቱን ነው የማየው። አግድም ማረጋጊያ (አፍንጫው ወደ ላይና ወደ ታች እንዳይወዛወዝ የሚይዝ የጅራት ክንፍ) የሌለውን፣ ወይም የፕሮፔለሩ ግፊት ከክብደት ማዕከሉ በጣም ከፍ ብሎ የሚያልፍበትን አሮጌ ዲዛይን ርካሽ ነው ብለህ እንዳትነካው። መሪውን ድንገት ወደፊት ከገፋኸው ሮተሩ ጭነቱ ይቀልለታል፣ ማለትም ክብደቱን መሸከም ያቆማል፤ ያኔ የሞተሩ ግፊት አፍንጫውን ይደፋዋል፣ ከዚያ መመለስ የለም። በዚህ ብዙ ሰው አልቋል። እዚያው ፍሎሪዳ፣ ዘፊርሂልስ ከተማ የሚሠራውን ኤአር-1 የተባለ ባለ ሁለት መቀመጫ ጃይሮፕሌን ሄደህ እየው፤ ቅርብህ ነው።

ኢንሹራንሱን ኪቱን ሳታዝ በፊት ጠይቅ። ጃይሮ የሚሸፍኑት ኩባንያዎች ጥቂት ስለሆኑ በአቪዬሽን ደላላ በኩል ሂድ። መጀመሪያ የሚጠይቁህ በጃይሮ ስንት ሰዓት እንደበረርክ ነው፤ የሴስናው ሰዓት እምብዛም አይረዳህም፣ ፈቃድህም ላይ የጃይሮፕሌን ደረጃ መጨመር አለብህ። ራስህ የሠራኸው ስለሆነ ደግሞ የሙከራ በረራ ጊዜ አለው፣ ብዙውን ጊዜ 40 ሰዓት፤ እስከዚያ ተሳፋሪ አትጭንም። ፖሊሲው ይህን ጊዜ ይሸፍን እንደሆነ በጽሑፍ አስመልስ። የሦስተኛ ወገን ሽፋን (በሌላ ሰው ወይም ንብረት ላይ ለምታደርሰው ጉዳት) በፍጹም አይቅርብህ። አውሮፕላኑ ራሱ በበረራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት የሚገባው ሽፋን ከተወደደብህ ግን ቢያንስ ቆሞ ሳለ ለሚደርስበት ጉዳት ግባለት፤ የፍሎሪዳን አውሎ ነፋስ ታውቀዋለህ። ለአንድ ተሳፋሪ የሚከፈለው ጣሪያ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው የሚጻፈው፣ እሱን ሳታነብ አትፈርም።