ከመንግሥት ቢሮ መረጃ ማውጣት፦ ጥያቄና መልስ

ከመንግሥት ቢሮ መረጃ ስለማግኘት ያላችሁን ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር። አብዛኛው የመጣው ከፒያሳ፣ ከአራት ኪሎና ከስድስት ኪሎ ነው። ቢሮው እዚያ አካባቢ ስለሚበዛ አይገርምም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የወረዳችንን በጀት ልጠይቅ ብሄድ «ከመሥሪያ ቤትህ የትብብር ደብዳቤ አምጣ» አሉኝ። እኔ ደግሞ ገና ሥራ ፈላጊ ነኝ።

መልስ፦ ሕጉ «ማንኛውም ሰው» ነው የሚለው። የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅ፣ የማግኘትና ለሌላ የማስተላለፍ መብት ይሰጥሃል። ወረዳም የመንግሥት አካል ነው። የአዋጁን ቁጥር ማመልከቻህ ላይ ጻፈው። ቁጥር ሲያዩ ብዙ ጊዜ አነጋገራቸው ይለወጣል።

ጥያቄ፦ እሱ አዋጅ ተሽሮ የለም እንዴ?

መልስ፦ የሚዲያው ክፍል ነው የተሻረው። እሱን በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ተክቶታል። የመረጃው ክፍል እንዳለ ነው።

ጥያቄ፦ በሄድኩ ቁጥር «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ነው። ሰልችቶኛል፣ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ኃላፊውን መጠበቅ ተይ። ጥያቄሽን ተቀብሎ መልስ መስጠት ያለበት የሕዝብ ግንኙነቱ ነው። በጽሑፍ አድርጊው፣ መዝገብ ቤት አስገቢው፣ ቀሪው ላይ ቁጥርና ቀን አስመቺ። አዋጁ ለመልስ የሰጣቸው ጊዜ 30 ቀን ነው። መዝገብ ቤት ያላለፈ ወረቀት እንዳልተጻፈ ቁጠሪው።

ደግሞ «ስለ ግዢ መረጃ ይሰጠኝ» አይባልም። «ግልጽ አይደለም» ተብሎ ይመለሳል፤ እውነትም ግልጽ አይደለም። ሰነዱን ለይተሽ ጥሪው፦ «የጤና ጣቢያው የ2016 በጀት ዓመት የመድኃኒት ግዢ፣ የጨረታው አሸናፊና የውሉ ዋጋ»። ሰነዱ ምን እንደሚባል ካላወቅሽ የመዝገብ ቤት ሠራተኞቹን በትሕትና ጠይቂ። የትኛው ፋይል የት እንዳለ ከአለቆቹ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ ሠላሳ ቀኑ አለፈ። ጭጭ ብለዋል።

መልስ፦ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አቤት በል። እዚያ ካልተፈታ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ከዚያም ፍርድ ቤት አለ። ቀኑ የተመታበትን ቀሪ ከጣልክ ግን አቤቱታህ እንዳለ ባዶ ነው።

ጥያቄ፦ «ምስጢር ነው» ቢሉኝስ?

መልስ፦ ምስጢር የሚባል ነገርማ አለ። የሰው የግል መረጃ፣ የንግድ ምስጢር፣ የአገር ደኅንነት፣ በምርመራ ላይ ያለ ወንጀል። የጎረቤትህን የግል ፋይል ልየው ብትል አይሰጡህም፣ ልክም ናቸው። በ2016 ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 መጥቷል። ሰነዱ ውስጥ ምስጢር የሆነው አንድ ገጽ ከሆነ ግን እሱን አስቀርተው ሌላውን መስጠት አለባቸው። «በሙሉ ምስጢር ነው» ካሉህ የትኛው ክፍል፣ በየትኛው አንቀጽ ብለህ በጽሑፍ ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጽሑፌ የአዲስ አበባን ሕዝብ ብዛት ስፈልግ የማይገናኙ ቁጥሮች አገኘሁ።

መልስ፦ የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው። ያኔ ከተማዋ 2.7 ሚሊዮን ግድም ነበረች። ከዚያ ወዲህ የምታዪው ሁሉ ግምት ነው፣ ገማቹ ሲለያይ ቁጥሩም ይለያያል። የስታቲስቲክስ አገልግሎትን ትንበያ ያዢ፣ የየትኛው ዓመት እንደሆነም ጻፊ። ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ከሰጡሽ ኤክሴሉን ጠይቂ። ልደምረው ብትዪ የማይደመር ሰንጠረዥ ክፍት ዳታ አይባልም፣ ፎቶ ነው።

ጥያቄ፦ አዋጁን ራሱን በወረቀት ፈልጌ ነበር።

መልስ፦ አራት ኪሎ፣ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት። ነጋሪት ጋዜጣ እዚያ ይሸጣል፤ ቁጥሩን ይዘህ ሂድ።