ፈተናው ሲቃረብ እንቅልፍ አጣሁ፤ እምነቴ ጎድሎ ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰንብተዋል? በነርሲንግ ተመርቄ የሙያ ፈቃድ ፈተና እየጠበቅሁ ነው። ባለፈው ተፈትኜ አልተሳካልኝም። አሁን ደብተር ስገልጥ ልቤ ይመታል፣ እጄን ያልበኛል፣ ሌሊቱን ሳልተኛ ይነጋል። ጎረቤቶች «ዓይነ ጥላ ነው፤ አዋቂ ጋ ሂጂ» ይሉኛል። እናቴ ደግሞ የፍልሰታን ሱባኤ ገዳም ግቢ ትላለች፤ ከገባሁ ጥናቱ ሊቀር ነው። ካለፍኩ ለቁስቋም ማርያም ጃንጥላ አገባለሁ ብዬ ተስያለሁ። እንዲህ የምጨነቀው እምነቴ ስለጎደለ ነው? ምን ላድርግ? ከጎንደር፣ ማራኪ።

መልስ፦ ሰላመ እግዚአብሔር ይድረስሽ፣ ልጄ። የመጨረሻውን ላስቀድም። መጨነቅሽ እምነት የለሽ አያደርግሽም። «በአንዳች አትጨነቁ» የሚለውን ቃል (ፊልጵ. 4፥6) እየጠቀሰ የሚቆጣሽ ሰው አይጠፋም። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ያን የጻፈው እስር ቤት ሆኖ ነው፤ ቃሉም ልመናችሁን በእግዚአብሔር ዘንድ አስታውቁ ይላል። ጌታችንም በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» ብሏል። ታዲያ አንቺን ማን ነው የሚወቅስሽ?

ነቢዩ ኤልያስን አስቢው። ኤልዛቤልን ፈርቶ ሸሸ። በረሃ ገብቶ ከዛፍ ሥር ወደቀና ነፍሴን ውሰዳት አለ። መልአኩ መጥቶ ምን አደረገ? አልገሠጸውም፤ ስብከትም አልጀመረም። «ተነሥተህ ብላ» አለው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ደግሞ ቀሰቀሰውና አበላው። ወደ ኮሬብ የሄደው ከዚያ በኋላ ነው (1ኛ ነገ. 19)። እኛ መምህራን ይህን ቶሎ እንረሳለን። የተጨነቀ ሰው ሲመጣ ጥቅስ እንደረድርለታለን እንጂ «ራት በልተሻል?» አንልም።

ስለዚህ መጀመሪያ ተኚ። ሌሊቱን ሙሉ ፈጥጠሽ ያነበብሽው ጠዋት ላይ የለም። የማታ ቡና ይቅርብሽ፤ ጎረቤት ቢጠራሽም ቁጭ ብለሽ ተጫወቺ እንጂ ስኒውን አታንሺ። ይህን አንቺ ራስሽ ለታካሚ የምትመክሪው ነው። ልብሽ መምታት ሲጀምር ደብተሩን አስቀምጪ። ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፣ አወጣጡን አርዝሚው፣ ከትንፋሹ ጋር «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» በዪ። ልብሽ ሲረጋ ወደ ጥናትሽ ተመለሺ።

አሁን ወደ ዓይነ ጥላው። ቤተ ክርስቲያን የርኩስ መንፈስን ፈተና አትክድም፤ ጸሎትና ጸበልም አላት። ነገር ግን አንዴ የወደቀ ሁሉ ዓይነ ጥላ አለበት ማለት ከየት መጣ? ያልተነበበ የፋርማኮሎጂ ምዕራፍ ካለ እሱን ሰይጣን ላይ ማላከክ አይቻልም። አዋቂ ቤት መሄድ በሕገ እግዚአብሔር የተከለከለ ነው (ዘዳ. 18)። ክታቡም፣ አእምሮ ይከፍታል ተብሎ የሚጠጣው አብሾም ይቅርብሽ። ጸበል ተጠመቂ፣ ጠጪ። ሐኪም መድኃኒት ካዘዘልሽም ከጸበሉ ጋር አይጣላም፤ ባለ መድኃኒትን የፈጠረው እግዚአብሔር እንደሆነ በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ተጽፏል። እንቅልፍ ማጣቱ ከሰነበተ፣ ይልቁንም «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ብልጭ ካለብሽ፣ ለእናትሽ ንገሪና በዚያው ቀን ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል አእምሮ ሕክምና ክፍል ሂጂ። በዚህ ማፈር የለም።

ፈተና ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን አዲስ ነገር አይደለም። ድጓ፣ የቅዱስ ያሬድን የዜማ መጽሐፍ፣ የተማረ ሰው ዜማው ቢያምርለትም ጋይንት ወርዶ በድጓ ማስመስከሪያው ቤተ ልሔም ተፈትኖ ካላስመሰከረ የድጓ መምህር አይባልም። እዚሁ ከተማችን በዓታ ቤተ ክርስቲያን ለአቋቋም፣ ለማኅሌቱ ዝማሜ ትምህርት፣ የሚመጡትንም ታውቂያቸዋለሽ። ያልሆነለት ተመልሶ ትምህርቱን ይቀጽላል፣ ደግሞ ያጠናል፤ የተረገመ ነው የሚለው የለም። ብቻውን ክፍል ዘግቶም አያጠናም፤ ከጓደኛው ጋር ድምፁን አውጥቶ ይጠያየቃል። አንቺም አንዲት ጓደኛ ፈልጊና ተጠያየቁ። እኔ ከሁሉም የምወደው ምክር ይሄ ነው። ብቻሽን ስትሆኚ ጭንቀቱም አብሮሽ ያነባል።

ለምን እንደምትፈተኚም አትርሺ። በዚህ ከተማ ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ሲሠለጥን ኖሯል፤ ሕዝቡም ልጁን አምኖ ይሰጣቸዋል። ለሕፃን የሚሰጠውን መድኃኒት መጠን በትክክል ማስላትሽን አንድ ሰው ማረጋገጥ አለበት። ፈተናው የዚያ ሕፃን ጠበቃ ነው። እንዲህ ካየሽው የምታጠኚበት ሰዓት ከጸሎትሽ ጋር የሚጣላ አይሆንም።

ሱባኤውስ? የፍልሰታ ጾም፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ የሁላችን ነው። ገዳም መግባት ግን የፈቃድ ነው፤ ዘንድሮ ቢቀርብሽ ኃጢአት አይሆንብሽም። ጠዋት አእምሮሽ ሳይደክም አጥኚ። ከሰዓት አጥቢያሽ ሄደሽ አስቀድሺ። ከዚያ ጾምሽን ፍቺ፣ ትንሽ አንብቢ፣ በጊዜ ተኚ። ከማጥናትሽ በፊት «አባታችን ሆይ» እና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ድገሚ፤ ይበቃል። ጾሙ ራስሽን እያዞረ የሚጥልሽ ከሆነ ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ፍትሐ ነገሥትም ለታመመ ሰው ያዝናል። በራስሽ ግን አትወስኚ። ለእናትሽም እሳቸው ቢያስረዱልሽ ይሻላል፤ እናት ከልጅ ይልቅ ቄስ ትሰማለች።

ስለቱ ላይ ትንሽ ልቆጣሽ ነው። ስለት ከጥንት የነበረ ነው፤ ሐናም ተስላለች። ግን እመቤታችን ለጃንጥላ ብላ አታማልድም፤ ባታልፊም አልጠላችሽም። በተጨነቅሽ ቁጥር ሌላ ስለት አትጨምሪ፤ «ተስለህ የማትፈጽም ከሆነ ባትሳል ይሻላል» ተብሏል (መክ. 5፥5)። ካለፍሽ የተሳልሽውን ታገቢያለሽ። ብቻ ለጃንጥላው ብለሽ አትበደሪ፣ እናትሽንም አታስጨንቂ፤ ሥራ ስትይዢ ከደመወዝሽ ትገዢዋለሽ።