መልስ፦ 8 ኪሎ ሜትር ላይ ለሚቆራረጥ ዋይፋይ

8 ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ቢሮዎችህን የሚያገናኘው ዋይፋይ ስለሚቆራረጥ አምፕሊፋየር (የሲግናል ማጉያ) ልግዛ ወይ ብለሃል። አትግዛ፤ አንቴናውን ቀይር። በሁለቱ ቢሮዎች ጣሪያ ላይ የሰቀልካቸው ባለ 5 ዲቢአይ (አንቴና ሞገዱን ወደ አንድ አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚያጠናክር መለኪያ) የዘንግ አንቴናዎች ሞገዱን ዙሪያውን ይበትኑታል። በ2.4 ጊጋኸርዝ 8 ኪሎ ሜትር ብቻውን ከሲግናሉ 118 ዲሲቤል (የጥንካሬ ልዩነት መለኪያ) ገደማ ይበላል፤ ያየኸው −88 ዲቢኤም (የሚደርስህ ሲግናል ጥንካሬ፤ ወደ ዜሮ በተጠጋ ቁጥር ይሻላል) የመጣው ከዚህ ነው። በሁለቱም ጫፍ ባለ 24 ዲቢአይ ግሪድ ዲሽ (ሞገዱን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሰበስብ ፍርግርግ ሳህን) ብትተክል፣ በዚያው ኃይል ወደ −50 ትጠጋለህ። አምፕሊፋየር ረብሻውንም አብሮ ያጎላል፤ ዲሽ ግን ከጎን የሚመጣውን ይቀንሳል።

ሁለቱም ዲሾች ፖላራይዜሽናቸው (ሞገዱ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ) አንድ ይሁን። አንዱ ቁም ሌላው አግድም ከሆነ 20 ዲሲቤል ያህል ታጣለህ።

ሲግናሉን እያየህ ዲሹን መጀመሪያ ወደ ግራና ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ላይና ታች ቀስ ብለህ አዙር። ሲግናል ባገኘህበት የመጀመሪያ ቦታ አትሰረው፤ የጎን ጨረር (ከዲሹ ዋና አቅጣጫ ውጭ የሚወጣ ደካማ ሞገድ) ሊሆን ይችላል፣ ዋናው ጨረር ከሱ በጣም ይበልጣል። መንገዱ መሃል ላይ ከእይታ መስመሩ በታች 10 ሜትር ያህል ክፍት መሆን አለበት። ዛፍ ከገባበት ምሰሶውን ከፍ አድርግ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ኬብሉ ላይ ነው። ሬዲዮውን ቤት ውስጥ አስቀምጠህ 10 ሜትር ቀጭን አርጂ-58 የአንቴና ኬብል ወደ ጣሪያ ብትስብ 10 ዲሲቤል ገደማ ይጠፋል፤ በአንድ ጫፍ ዲሹ ከጨመረልህ 19 ዲሲቤል ግማሹ ገደማ ማለት ነው። ሬዲዮውን ከዲሹ ጀርባ እሰርና ኃይሉንም ዳታውንም በኢተርኔት ኬብል አድርስለት። ማያያዣዎቹን ውሃ በማያስገባ ቴፕ ጠቅልል።