ጥያቄ አለኝ፦ ኮሪያ ዘምቶ ኢንሹራንስ ውስጥ ስለነገሰው ሰውዬ

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች እንዴት ናችሁ። አያቴ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው የተመለሱ ናቸው፣ እኔ ደግሞ ኢንሹራንስ ነው የምሰራው። እና በቀደም ቢሮ ውስጥ፣ እዛው ኮሪያ የነበረ አሜሪካዊ ወታደር በኋላ የዓለምን ትልቁን የኢንሹራንስ ኩባንያ መርቷል ሲሉ ሰማሁ። ማነው? ኩባንያው በ2008 አፈር የበላውስ በሱ ጥፋት ነው የሚሉት እውነት ነው? (የሳሪስ ልጅ)

መልስ፦ ሰላም የሳሪስ ልጅ፣ ለአያትህ ሰላምታችንን አድርስልን። ሰውየው ሞሪስ ግሪንበርግ ነው፣ ሰው ሁሉ ሃንክ የሚለው፣ ኩባንያው ደግሞ ኤአይጂ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)። በ1925 ኒውዮርክ ተወለደ፣ በ17 ዓመቱ ዕድሜውን ዋሽቶ ጦር ሰራዊት ገባ፣ በ1944 ኖርማንዲ ኦማሃ ዳርቻ ከወረዱት አንዱ ነበር፣ በ1945 ዳካው የሚባለው የናዚ ማጎሪያ ነፃ ሲወጣም እዛው ነበር። ከዛ ተመልሶ ህግ ተማረ፣ ገና ከመመረቁ ኮሪያ ተጠራና በሻምበልነት አገለገለ፣ ብሮንዝ ስታር ሜዳሊያም አለው።

ኢንሹራንስ የገባበት መንገድ በጣም ነው የሚያስቀኝ። በ1952 ስራ ፍለጋ ኮንቲኔንታል ካዥዋሊቲ የሚባል ኩባንያ ሄደ፣ የቅጥር ኃላፊው አመናጨቀው፣ እሱ ግን ሹልክ ብሎ ከመውጣት ይልቅ ቀጥታ ምክትል ፕሬዝዳንቱ ቢሮ ገብቶ የቅጥር ኃላፊያችሁ ደደብ ነው አለ፣ ተቀጠረም! አንተ እንዳትሞክረው።

ኤአይጂን የመሰረተው እሱ አይደለም። መስራቹ ኮርኔሊየስ ቫንደር ስታር ነው፣ በ1919 ሻንጋይ ውስጥ ነው የጀመረው። ግሪንበርግ በ1960 ገባ፣ በ1962 ደግሞ ሲንገዳገድ የነበረውን የአሜሪካ ስራ ያዝ አሉት። ያደረገውን አንተ ከኔ በላይ ይገባሃል፣ ለግለሰብ መሸጡን ትቶ ወደ ድርጅቶች ዞረ፣ ደሞዝ የሚከፈላቸውን ኤጀንቶች ቀንሶ በብሮከር (በገለልተኛ የኢንሹራንስ ደላላ) መሸጥ ጀመረ። ሌላው ኩባንያ አረቦኑን (ደንበኛው የሚከፍለውን) ኢንቨስት አድርገን እናተርፋለን እያለ በካሳ ሲከስር እሱ አንደርራይቲንጉ (ስጋቱን መዝኖ ዋስትና የመሸጡ ስራ) ራሱ ማትረፍ አለበት ብሎ ድርቅ አለ። በ1968 መሪ ሆነ፣ እስከ 2005 ማንም አልነቀነቀውም፣ በሱ ጊዜ ድርጅቱ ወደ 130 አገር ገባ። (ልጆቹ ጄፍሪና ኢቫንም የኢንሹራንስ አለቆች ሆኑ፣ ኢቫን ቸብን የሚመራው ነው።)

በ2005 የኒውዮርኩ አቃቤ ህግ ኤልየት ስፒትዘር ጄኔራል ሪ ከሚባል ኩባንያ ጋር በተደረገ የ500 ሚሊዮን ዶላር የጠለፋ ዋስትና (የኢንሹራንስ ድርጅት ራሱ የሚገባው ኢንሹራንስ) ውል ለካሳ የሚቀመጠውን መጠባበቂያችሁን አስመስላችሁ አሳበጣችሁ ብሎ መጣ፣ ግሪንበርግንም የራሱ ቦርድ አስወጣው። ክሱ 12 ዓመት ተንዛዝቶ በ2017 9 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ አለቀ።

አሁን ወደ 2008። ኤአይጂን የጣለው አንተ የምታውቀው ኢንሹራንስ አይደለም፣ ፋይናንሺያል ፕሮዳክትስ የሚባለው ክፍል ነው፣ ባንኮች የያዙት ከቤት ብድር ጋር የተያያዘ ሰነድ ቢበላሽ እኛ እንከፍላለን እያለ ዋስትና ሲሸጥ የነበረው። እድር የሚሰራው ሰፈሩ ባንድ ቀን ስለማይሞት ነው አይደል፣ እዚህ ግን የቤት ዋጋ ሲወርድ ሁሉም ባንዴ ሞተ፣ ባንኮቹም መያዣ አምጡ አሉ። በመስከረም 2008 የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ 85 ቢሊዮን ዶላር አበደረ፣ መንግስት 80 በመቶ ገደማ ድርሻ ወሰደ፣ ጠቅላላ ድጋፉ በኋላ 182 ቢሊዮን ደረሰ።

ግሪንበርግ እኔ ብኖር ይሄ አይሆንም ነበር ነው የሚለው። እኔ ግማሹን ነው የምቀበለው። ስጋት ላይ ጥብቅ እንደነበረ እሺ፣ ግን ያ ክፍል የተቋቋመው በ1987 በራሱ ዘመን ነው፣ ደግሞ ሁሉ ነገር አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ የሚጠበቅበት ኩባንያ ሰውየው ሲሄድ ምን ሊሆን ነው? ያንን የሰራው እሱ ነው።

ሰውየው ግን እጁን አልሰጠም፣ አክሲዮናችንን ነጠቃችሁን ብሎ መንግስትን ከሰሰ። በ2015 ዳኛው መንግስት ከህግ ውጪ ነው የሄደው ብለው ፈረዱለት፣ ካሳው ግን ዜሮ፣ ምክንያቱም ብድሩ ባይኖር አክሲዮኑም ዋጋ አይኖረውም ነበር። በ2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ያቺኑም ገለበጠበት።